ከዘይላ ወደብ እስከ አንኮበር ጋራ፦ የይፋት ቆላ ፍርስራሾችና የጎረቤት አገሮች ምስክርነት

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ዐለቱን ፈልፍለው ያወጡትን የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ማሽቆልቆል ሲጀምር፣ የገብሱንና የጉሙን አገር ከኋላው ትቶ፣ ማሽላና ማሾ ወደሚዘራበት፣ ግራርና ቁርቁራ ጥላቸውን ወደሚጥሉበት፣ ግመል ከበሬ ጋር በአንድ ወንዝ ወደሚጠጣበት ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። በደብረ ሲና ከመንገድ ዳር ሴቶች የገዛው ቆሎ ገና ከእጁ ሳያልቅ ጋቢው ከትከሻው ይወርዳል፤ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከሸዋ ሮቢት ሲደርስም፣ ምሳውን በልቶ፣ ፊቱን በውሃ አርሶ፣ ከሙቀቱ ለማምለጥ እየተጣደፈ ወደ አጣዬና ወደ ከሚሴ ያልፋል። የዚች ከተማ ስም ለአብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ሙቀቷን፣ የትንባሆ እርሻዋንና ወኅኒ ቤቷን ነው። ከአስፋልቱ በስተ ምሥራቅ፣ መሬቱ ወደ አዋሽ እያዘነበለ በሚሄድበት በዚያ ተረተር ላይ፣ በአንድ ወቅት ዜናቸው እስከ ካይሮ የተሰማ ነገሥታት ከተሞቻቸውን፣ መሳጂዳቸውንና መካነ መቃብራቸውን ትተው እንዳለፉ የሚያውቀው መንገደኛ ጥቂት ነው።

በዘመናችን ገንዘብና ጊዜ ያገኘ ኢትዮጵያዊ የጥንት ቤተ ጣዖትና ቤተ መንግሥት ለማየት ወደ ጎረቤት አገሮች መሄድ ጀምሯል። አንዱ ወደ ላይኛው ግብጽ ወርዶ የሉክሶርን ዐምዶች ያያል፤ ሌላው፣ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ሱዳን ተሻግሮ የመርዌን ፒራሚዶች ጎብኝቷል። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ የጎረቤቱን ቤት ያላየ ሰው የራሱን ቤት ዕድሜና ልክ ሊያውቅ አይችልምና። ዳሩ ግን እኔ በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢ ላሳይ የምፈልገው ከዚህ ትንሽ የተለየ ነገር ነው፤ እርሱም፦ በይፋት ቆላ ያሉት ፍርስራሾች ግድግዳቸው እዚህ፣ መጽሐፋቸው ግን በጎረቤት አገሮች ያለ መሆኑን፣ ስለዚህም እነርሱን በሙሉ ለማየት የሚወድ ሰው ከሮቢት ተነሥቶ እስከ ዘይላና እስከ ታጁራ፣ በሐሳቡም እስከ የመንና እስከ ካይሮ መጓዝ የሚገባው መሆኑን ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዘመናት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከፍርስራሾቹ ሁሉ ኖራ የምትባለው ጥንታዊት ከተማ ለዓይን የምትቀርብ ናት። ወደዚያ የምንወጣው ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ በማለዳ ነው፤ መንገዱ በማሽላ ማሳ መካከል ይጀምርና የአርሶ አደሩ ምድር ሲያልቅ፣ የአፋር ከብት አርቢዎች መንጋቸውን በሚያሰማሩበት እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ጥቁሩ ድንጋይ መታየት ይጀምራል። በመጀመሪያ የሚመስለው ተፈጥሮ የበተነው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ዓይን መስመሩን ይለየዋል፤ ይህ የቤት መሠረት ነው፣ ያ የእርከን ግድግዳ ነው፣ ይህኛው በሁለት ቤቶች መካከል ያለፈ ጠባብ መንገድ ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል መስጊዱ ይታያል፤ ጣራው ከወደቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፣ ግድግዳው ግን ዛሬም ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። የድንጋዮቹ አቀማመጥ ትዕግሥት የተሞላበት ነው፤ ፊታቸው ተስተካክሎ፣ ትልቁ በትንሹ እየተደገፈ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተገጣጥሞ ተነባብሯል። ምሕራቡ ወደ ሰሜን ያያል፤ መካ ከይፋት ስትታይ ያለችው በሰሜን ነውና።

አብረውን የወጡት ሽማግሌ በግድግዳው ጥላ ተቀምጠው ሳሉ፣ «አባባ፣ ይህን የሠራው ማን ነው ይባላል?» አልኋቸው።

«ሐርላ ይሉታል ልጄ፤» አሉ፤ «ጠግበው ስለ ነበር ፈጣሪ አጠፋቸው ይላሉ አባቶቻችን። የእነርሱን ነገር እርሱ ያውቃል። እኔ የማየው ግን ይህ ነው፤» ብለው በበትራቸው ምሕራቡን አመለከቱ፤ «ይህ ሕዝብ እንደ እኛው ወደ ቂብላ ዞሮ ይሰግድ ነበር። የሚሰግድ ሰው ቤት ደግሞ አይረገጥም፤ ጫማችንን አውጥተን የገባነው ለዚህ ነው።»

የሐርላ ትውፊት በምሥራቅ ኢትዮጵያ ሁሉ፣ ከሐረርጌ እስከ ይፋት፣ ባለቤቱ ለተረሳ የድንጋይ ሥራ የሚሰጥ ስም ነው። የታሪክ ሊቃውንት ግን የእነዚህን ከተሞች ዘመን ከ14ኛው ምእተ ዓመት ጋርና ወላስማዎች ከሚባሉት ነገሥታት ጋር ያያይዙታል። ፍራንስዋ ዣቪዬ ፎቬል፣ ቤርትራን ኢርሽና አሜሊ ሼክሩን የተባሉት ተመራማሪዎች ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር በጋራው ግርጌ እየተዘዋወሩ ኖራን፣ አስበሪን፣ መሳልን፣ ራሳ ጉባን፣ በሪ ይፋትን መርምረዋል፤ ከሁሉም በላይ የከበረው ግኝታቸው ግን የወላስማዎች የመቃብር ስፍራ ነው። በዚያ ስፍራ በዐረብኛ የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች የሱልጣኖችን ስም ከነአባታቸው ይዘው ተገኝተዋል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ እነዚህ ስሞች በውጭ አገር ከተጻፉ መጻሕፍትና በግእዝ ከተጻፈው የባላጋራቸው ዜና መዋዕል በቀር ሌላ ምስክር አልነበራቸውም፤ ከዚያ ወዲህ ግን በገዛ ምድራቸው፣ በገዛ ድንጋያቸው ተናገሩ።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ በጥቂቱ ማተት ይገባል። በ13ኛው ምእተ ዓመት በሸዋ ምሥራቅ መኽዙሚ የሚባል የእስላም መንግሥት ነበር፤ ይህንም መንግሥት በ1285 ያጠፋውና ርስቱን የወረሰው የይፋቱ ወላስማ ነው። ይህን የሚነግረን፣ ጣሊያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ አግኝቶ በ1941 ያሳተመው አጭር የዐረብኛ ታሪክ ነው። ከዚያ ወዲህ ይፋት፣ ዐረቦች አውፋት የሚሉት፣ ከአዋሽ ወዲህና ወዲያ ማዶ ያለውን ቆላ ይዞ እስከ ዘይላ ወደብ ደረሰ፤ ከባሕሩ የሚመጣው ጨርቅና ብርጭቆ ወደ ደጋ ሲወጣ፣ ከደጋው የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና፣ ሳይሸሸግ ሊነገር የሚገባው፣ በባርነት የተሸጠው ሰው ወደ ባሕሩ ሲወርድ ቀረጡን የሚሰበስበው እርሱ ነበር። ከጋራው በላይ፣ በተጉለት፣ የክርስቲያኑ ንጉሥ ነበር። የሁለቱ ጥል በሃይማኖት ስም ቢነገርም ሥሩ ይህ መንገድ ነው፤ የደጋው ንጉሥ ያለ መንገዱ ጨርቁንና ሐሩን አያገኝም፣ የቆላው ሱልጣንም ያለ ደጋው ዕቃ በወደቡ የሚሸጠው የለውም። ሁለቱ እርስ በርሳቸው እየተፈላለጉ የተዋጉ ጎረቤታሞች ነበሩ።

በ1332 ሱልጣን ሰብረዲን በዐፄ ዓምደ ጽዮን ላይ ተነሣ። የንጉሡን ጦርነት የሚተርከው የግእዝ ዜና መዋዕል፣ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ መርዓዴን ይዞ በዚያ ጫት ሊተክል እንደዛተ ይናገራል፤ ይህ ቃል ለዛቻ የተጻፈ ቢሆንም ለዛሬው አንባቢ የሚሰጠው ዕውቀት ሌላ ነው፤ ጫት በዚያ ዘመን በይፋት እንደ ነበረና የሁለቱ ሕዝቦች መለያ ሆኖ ይቈጠር እንደ ነበረ ያስረዳልና። ዓምደ ጽዮን ሰብረዲንን ድል አድርጎ አሰረ፤ በምትኩም ወንድሙን ጀማልዲንን ሾመ፤ እርሱም ቆይቶ ዐመፀ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የደጋው ነገሥታት በዚያ ዘመን በድንኳን የሚኖሩ፣ ከስፍራ ስፍራ የሚዘዋወሩ ስለ ነበሩ፣ ቤተ መንግሥታቸው ከተነሣ በኋላ የቀረው የእሳት አመድና የካስማ ጉድጓድ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምእተ ዓመት መካከል በደብረ ብርሃን ረግተው ቢቀመጡም፣ ከአዳራሻቸው ለዛሬ ተመልካች የሚታይ ነገር የለም። የቆላው ሰዎች ግን በድንጋይ ሠሩ። ስለዚህ የ14ኛውን ምእተ ዓመት የሸዋን ከተማ በእጁ ዳስሶ ማወቅ የሚወድ ሰው፣ ክርስቲያንም ቢሆን እስላም፣ ወደ ይፋት ቆላ መውረድ አለበት። ብዙዎቻችን የተማርነው የሸዋ ታሪክ ከጋራው ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ቆላ የሚመለከት ነበር፤ ከኖራ መስጊድ በር ላይ ተቀምጦ ወደ ጋራው ሽቅብ ሲታይ ግን ያው ታሪክ ሌላ መልክ ይዞ ይታያል፤ ያ ትልቅ ግድግዳ የመሰለው ሰንሰለታማ ጋራ የገበያ ደረጃ ይሆናል።

የሰው ቤት በሌላ ሰው ቃል እንዴት እንደሚታወቅ ለማየት አሁን ወደ ካይሮ እንሂድ። ሺሃብ አድዲን አልዑመሪ በማምሉኮች ቤተ መንግሥት ጸሐፊ ነበር፤ የሞተው በ1349 ነው። ይህ ሰው ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ነገር ግን ሼኽ ዐብደላህ አዝዘይለዒ የተባለ የእኛ አገር ሰው፣ በዓምደ ጽዮን ላይ አቤቱታ ይዞ፣ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ለንጉሡ ደብዳቤ እንዲጽፍ ለማስደረግ ካይሮ በደረሰ ጊዜ አገኘውና ጠየቀው፤ የሰማውንም በትልቁ መጽሐፉ ውስጥ አሰፈረው። በዚህም ስለ ሰባቱ የእስላም መንግሥታት፣ ከሰባቱም ስለሚበልጠው ስለ ይፋት ለመጀመሪያ ጊዜ ዝርዝር ቃል ተጻፈ፤ ርዝመቱ የ20 ቀን፣ ወርዱ የ15 ቀን መንገድ እንደ ሆነ፣ 15,000 ፈረሰኛና 20,000 እግረኛ ጦር እንዳለው፣ ምን እንደሚዘራበት፣ ምን እንደሚበላበት ተቈጠረ። ቍጥሩ በአቤት ባይ አፍ የተነገረ ስለ ሆነ ሳይጋነን አልቀረ ይሆናል። ይሁንና በእስላሞቹ ስም በቀረበው አቤቱታ ማስታወስ የሚገባን አንድ ነገር፣ ያንን አቤቱታ ለክርስቲያኑ ንጉሥ ያደርሳል ተብሎ የታመነው የግብጹ ፓትርያርክ መሆኑ ነው። ኋላም በ15ኛው ምእተ ዓመት አልመቅሪዚ የሚባለው የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ በመካ ተቀምጦ ሳለ ከኢትዮጵያ የመጡ መንገደኞችን እየጠየቀ ስለ ሐበሻ እስላም ነገሥታት አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈ፤ የወላስማዎችን የዘር ሐረግ፣ የእርስ በርስ ጠባቸውንና አሟሟታቸውን በስፋት የምናውቀው ከዚያ ነው።

ያ መጽሐፍ እንደሚተርከው የወላስማ ቤት ኋላ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ለዐፄው እየገበረ በአውፋት ሲቀር፣ ሌላው ወገን በሐቅ አድዲን መሪነት ወጥቶ ጦርነቱን ቀጠለ። የሐቅ አድዲን ወንድም ሰዕድ አድዲን በ15ኛው ምእተ ዓመት መባቻ ላይ እየተሰደደ እስከ ባሕሩ ደርሶ፣ በዘይላ አጠገብ ባለች ደሴት ላይ ተገደለ፤ ደሴቶቹ ዛሬም በእርሱ ስም ይጠራሉ። ልጆቹ ባሕሩን ተሻግረው ወደ የመን ንጉሥ ተጠጉ፤ እርሱም ተቀብሎ አስተናገዳቸው፤ ጥቂት ቆይተውም ተመልሰው በምሥራቅ፣ በደከር፣ የዐደልን መንግሥት አቆሙ። ከሮቢት በስተ ምሥራቅ ባለው ተረተር የተጀመረው የአንድ ቤት ታሪክ በሶማሌ ባሕር ዳርቻ ተሰዶ፣ በየመን ተጠልሎ፣ በሐረር አውራጃ አዲስ መንግሥት ሆኖ ተገለጠ ማለት ነው።

ዘይላ ዛሬ በሰሜን ሶማሌ ጠረፍ፣ ከጅቡቲ ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ አሸዋና ጨው የከበባት ትንሽ ከተማ ናት። በ1331 አካባቢ ያለፈባት መንገደኛው ኢብን በጡታ ትልቅ የንግድ ከተማ መሆኗን መስክሮ፣ በዓሣና በታረደ ግመል ሽታዋ እጅግ ተማርሮ በመርከብ ላይ ማደርን መርጦ ነበር። ጥንታዊ ቤተ ጸሎት ለሚሻ መንገደኛ ግን ዘይላ መስጂደል ቂብለተይን የሚባለውን፣ ሁለት ምሕራብ ያለውን የፈረሰ መስጊድ ታሳያለች። የኖራን ምሕራብ አይቶ ወደዚያ የሄደ ሰው፣ ከሁለቱ መካከል የሚያገናኘውን የግመል መንገድ በልቡ ሊሥለው ይችላል፤ በዘይላ የሰገደው ነጋዴ ከሳምንታት ጉዞ በኋላ በኖራ ይሰግድ ነበርና።

ይህ የባሕር ወዲህና ወዲያ ማዶ ዝምድና በይፋት አልተጀመረም። በትግራይ የሚገኘው የየሓ ቤተ ጣዖት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ምእተ ዓመት የተሠራው፣ ለአልመቃህ የቆመ እንደ ሆነ የምናውቀው፣ ያው ጣዖት በየመን በማሪብ በትላልቅ መቅደሶች ይመለክ ስለ ነበረና ጽሕፈቱም የሳባ ጽሕፈት ስለ ሆነ ነው። የየሓን ድንጋይ ያለ ማሪብ ማንበብ እንደማይቻል ሁሉ የይፋትንም ያለ ዘይላ አይቻልም። በማሪብ ያሉት ዐምዶች በዘመናችን ጦርነት መካከል መገኘታቸው ደግሞ ለእኛም የሚደርስ ኀዘን ነው።

ከዘይላ ቀጥሎ የምናገኘው ሁለተኛው የባሕር በር ታጁራ ነው። ዛሬ ወደዚያ መሄድ አስቸጋሪ አይደለም፤ በባቡር ወይም በመኪና ጅቡቲ ከተማ የደረሰ ሰው በጀልባ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ፣ ከጎዳ ተራራ ሥር ነጫጭ ቤቶቿንና መሳጂዷን ደርድራ ከተቀመጠችው ከዚያች የአፋር ከተማ ይደርሳል። እኔ በታጁራ ወደብ ቆሜ ያሰብሁት ስለ አንኮበር ነበር፤ በ19ኛው ምእተ ዓመት የሸዋን ቤተ መንግሥት ለማየት ከሩቅ የመጣው እንግዳ ሁሉ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ግመሉን የጫነው ከዚህ ነውና። ሚስዮናውያኑ ክራፕፍና ኢዘንበርግ በ1839 በዚህ አለፉ፤ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በዚያው ዓመት ተከተለ። በ1841 ካፒቴን ዊልያም ኮርንዎሊስ ሃሪስ ከእንግሊዝ የሕንድ መንግሥት ተልኮ ስጦታና መድፍ ይዞ መጣ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ በተቀመጠው በዐሳል ሐይቅ ዳር ያለፈው ጉዞ ለሰውም ለእንስሳም እጅግ የከፋ ነበር፤ ከዚያ የደንከል በረሓ፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ስድስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ በይፋት ቆላ ጫፍ ያለችው ፈሬ የምትባለው የቀረጥ ኬላ ትታያለች።

በፈሬ እንግዳውን ሁሉ ተቀብሎ የሚመረምረው፣ ካልተፈቀደለትም የሚያግደው፣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የቆላ አገር ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስም ልብ በል። በ14ኛው ምእተ ዓመት ከዓምደ ጽዮን ጋር የተዋጋው ቤት ስም፣ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ፣ የክርስቲያኑ የሸዋ ንጉሥ የደጁ ጠባቂ ማዕርግ ሆኖ እናገኘዋለን። ወላስማ መሐመድ እስላም ነበር፤ የበረሓውን ቋንቋም የአማራውንም ጠባይ ያውቅ ነበር፤ የባላባትነቱ ክብር ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው፤ ንጉሡም የመንግሥት እስረኞች የሚታሰሩበትን የጎንቾን አምባ በእጁ አደራ ሰጥቶታል። ንጉሡ ያለ እርሱ ከባሕሩ ጠመንጃና ጨርቅ አይደርሰውም፣ እርሱም ያለ ንጉሡ ቀረጥ አይበላም። በጦርነት ያልተፈታው የመንገዱ ነገር በሹመት ተፈታ ለማለት ይቻላል። የይፋትን የ19ኛ ምእተ ዓመት ታሪክ በስፋት ያጠናው አሕመድ ሐሰን ዑመር ይህን የዝምድና መረብ በሚገባ አሳይቷል።

ከፈሬ ወደ አልዩ አምባ፣ ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር ነው። አልዩ አምባ የአርጎባ ነጋዴዎች ከተማ ናት፤ አፋሩ ከዐሳል ያመጣውን ጨው፣ የደጋው ሰው እህሉንና ሞፈሩን ይዞ የሚገናኝባት ገበያ ነበረች፤ በ1842 እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ተቀምጦባት ስለ ሕዝቡ ኑሮ ጽፏል። በአቅራቢያው አብዱልረሱል በሚባለው ስፍራ ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር፤ ከዚያ ተነሥተው በታጁራ በኩል ባሕሩን የተሻገሩት ልጆች ስማቸው በየትኛውም ድንጋይ አልተጻፈም። የነገሥታትን አዳራሽ የምናደንቅ ሁሉ ይህን ገበያ ዘልለን ወደ ቤተ መንግሥቱ መውጣት አይገባንም።

አንኮበር ከቆላው ሲታይ የሰማይ አካል ይመስላል። ከአልዩ አምባ ጀምሮ መንገደኛው በጽድና በወይራ መካከል ሽቅብ ይወጣል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ሲያልፍ ብርዱ ይመለሳል። ሃሪስ ያየው ቤተ መንግሥት በሾጣጣው ኮረብታ ራስ ላይ፣ ዙሪያውን በእንጨት አጥር ተደራርቦ የታጠረ፣ የሣር ክዳን አዳራሽ ነበር። ሃሪስ የመጣበትን የኅዳር 1841ን ውል ግን ንጉሡ የፈረመለት በደጋው ሜዳ፣ በአንጎለላ ነው፤ ሣህለ ሥላሴ እንደ ቀደሙት ሁሉ በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን መካከል ይመላለስ ነበርና። የልጅ ልጁ ምኒልክ በ1844 በአንጎለላ ተወለደ፤ በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን በያዙ ጊዜ ወደ መቅደላ ተወሰደ፤ በ1865 አምልጦ ተመልሶ የአያቱን ቦታ ያዘ። የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ከአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ ጣቢያውን የመሠረተው፣ መሪው ማርኬዝ አንቲኖሪም በ1882 በዚያው የሞተው፣ ስዊሱ አልፍሬድ ኢልግም በ1879 የደረሰው በዚህ ቤተ መንግሥት ዘመን ነው። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ግን ዘግይቶ መጣ፤ በጥቅምት 1886 ከታጁራ ጠመንጃ ጭኖ ተነሥቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ሲገባ ንጉሡ ወደ እንጦጦ ሄዶ ነበር፤ አዲስ አበባም ተቈርቍራ ነበር። የአንኮበር ዘመን ያለፈው፣ የታጁራም መንገድ ቀስ በቀስ ለሐረር መንገድና ለጅቡቲ ባቡር ቦታውን የለቀቀው ከዚህ በኋላ ነው።

ዛሬ በዚያ ኮረብታ ላይ ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ጥቂት የግንብ ቅሪት ነው፤ በአጠገቡም የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቶ፣ ማለዳ ከበረንዳው ላይ ሆኖ መላው የይፋት ቆላ እስከ አዋሽ ሲገለጥ ማየት ይቻላል። በዙሪያው ካሉት ገደሎች መካከል በዓለም ሁሉ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የምትገኝ፣ በ1979 በሊቃውንት መዝገብ የገባች ትንሽ ወፍ ትኖራለች፤ ስሟም ከአንኮበር የተወሰደ ነው። ወፏን ፍለጋ የሚመጡት የውጭ አገር ሰዎች ቤተ መንግሥቱን ፍለጋ ከሚመጡት ኢትዮጵያውያን ይበዙ እንደ ሆነ ያየሁት ነገር አስጠርጥሮኛል።

ስለ ጥበቃው ነገር ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በኖራም ሆነ በሌሎቹ ስፍራዎች አጥር የለም፣ ጠባቂ የለም፣ የሚያነብ ሰው እንዲያውቅ የቆመ ሰሌዳ አላየሁም። የፈረሰ ግድግዳ ድንጋይ ለአዲስ ካብና ለከብት በረት የሚመች ነው፤ የሚያነሣውም ሰው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፣ የማን እንደ ሆነ የነገረው ስለሌለ ነው። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ከተማዋ ለጥቂት ቀናት በተያዘች ጊዜ፣ ከዚያም በፊት በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ፣ የዚህ ሕዝብ ሐሳብ በነፍሱና በልጆቹ ላይ እንጂ በጥንት ድንጋይ ላይ ሊሆን አይችልም ነበር። ነገር ግን ይህ ምድር በየዘመኑ ጦር የሚያልፍበት መንገድ ሆኖ የኖረበትን ምክንያት የሚነግሩን እነዚያው ድንጋዮች ናቸው፤ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው አብረው የኖሩበትን ገበያም የሚመሰክሩ እነርሱ ናቸው።

ጉዞውን ለሚያስብ ሰው ምክሬ ይህ ነው። በጥቅምትና በጥር መካከል፣ ቆላው ሲቀዘቅዝ፣ አስቀድሞ የአካባቢውን ጸጥታ ጠይቆ ይውጣ። በሮቢት አድሮ፣ በወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል መሪ ይዞ ኖራን ይይ፤ ከዚያ በደብረ ብርሃን ዞሮ ወደ አንኮበር ይውጣና ወደ አልዩ አምባ በእግሩ ይውረድ፤ ከቻለም ከአንኮበር ወደ አዋሽ አርባ በሚወስደው መንገድ ቆላውን አቋርጦ፣ የጥንቱን የነጋዴ አቅጣጫ ይዞ ወደ ጅቡቲና ወደ ታጁራ ይቀጥል። ብቻውን ግን አይሂድ። በይፋት እንደ ጎዜ ባሉት የቆዩ መሳጂድ ኪታብ የሚቀሩ ደረሶች አሉ፤ በአንኮበር አድባራትም ዜና መዋዕል በግእዝ የሚያነብቡ የቤተ ክህነት ሊቃውንት አሉ። ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ሰው ይዞ ወደ ወላስማዎች መቃብር የወጣ መንገደኛ፣ ደረሳው የሱልጣኑን ስም ከድንጋዩ ላይ ሲያነብለት፣ ሊቁም ያው ሱልጣን በዓምደ ጽዮን መጽሐፍ ውስጥ ምን እንደ ተባለ ሲነግረው፣ ሁለቱም እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁ ይሰማል።